ምስጋና ለአሞርዛተር

እሑድ ጠዋት፣ ለንደን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ የሞተሬን ሁለት የኋላ አሞርዛተሮች ራሴ ቀየርኩ። በመሃል ማቆሚያዋ አቁሜ በየተራ ፈታኋቸው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው የኋላውን እግር ደግፎ ይጠብቃል። አሞርዛተር የሚለውን ስም የአገር ቤት ጋራዦች ከጣልያንኛ ወረሱት፤ ምት አብራጅ እንደማለት ነው። ግብሩም እንደ ስሙ፦ ሞላው የጉድጓዱን ምት ይውጣል፤ የአሞርዛተሩ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የሞላውን ንዝረት ወደ ሙቀት ቀይሮ ያበርዳል። ዘይቱ ባይኖር ሞላው እንዳልተገራ ፈረስ ያዘልለናል፤ ጎማው መንገዱን ሲለቅ ፍሬንም መያዣ ያጣል። አሮጌዎቹ ዘይታቸውን አንጠባጥበው ጨርሰው፣ ሸክሙን ለወገቤ አስረክበው ነበር። ማታ በኒው ኬንት ሮድ የሰው እራት ሳደርስ ወጡ አልፈሰሰም፤ ወገቤም ዝም አለ። አዲሶቹን እጃችሁ ይባረክ ልበላቸው፣ እጅ ባይኖራቸውም።