የእጅ ስልክና ጎረቤቱ ኮምፒዩተር፦ በአንድ የጥናት ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ማሃዴቭ ሳትያናራያናን፣ ፓራምቪር ባል፣ ራሞን ካሴሬስና ናይጄል ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ስለ «ክላውድሌት» በአንድነት ያሳተሙት ጽሑፍ በመስኩ ዘወትር ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግልጽ ነው። የእጅ ስልክ በክብደቱ፣ በባትሪውና በሙቀቱ የተወሰነ በመሆኑ ጉልበቱ በቦታው ከተተከለ ኮምፒዩተር ያንሳል። ስለዚህ ንግግርን ወደ ጽሑፍ እንደ መለወጥ ያለውን ከባድ ስሌት በአቅራቢያው ለሚገኝ ብርቱ ኮምፒዩተር አስተላልፎ ውጤቱን ብቻ መቀበል ይበጀዋል።

በሩቅ ያለው የመረጃ ማእከል ስለ ምን አይበቃም? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። የመስመርን ስፋት በገንዘብ መጨመር ይቻላል፤ ርቀትን ግን ገንዘብ አያሳጥረውም። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ5,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ካለ ማእከል መልስ ለማግኘት ለደርሶ መልሱ ጉዞ ብቻ 50 ሚሊሴኮንድ ያህል ያስፈልጋል። በየመገናኛ ጣቢያው የሚደርሰው መዘግየት ሲታከልበት፣ የሰውን እንቅስቃሴ እየተከተለ ወዲያው መልስ መስጠት ያለበት ሥራ ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የቀረበው «ማዊ» የተባለው ጥናትም ቅርበት ባትሪን ለመቆጠብ ጭምር እንደሚጠቅም በልኬት አስረድቷል።

ድክመቱ የሚታየው ሐሳቡ ከቤተ ሙከራ ሲወጣ ነው። ጸሐፊዎቹ ለአብነት የወሰዱት የቡና መጠጫ ቤትን የመሰለ ሥፍራ ሲሆን፣ በዚያ ደንበኞች የሚገቡት በየተራ ነው። በሙከራቸውም ጎረቤቱን ኮምፒዩተር ለአንድ ተጠቃሚ ሥራ ማሰናዳት ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ወስዷል። በመማሪያ ክፍል ግን 50 ተማሪዎች በአንድ ደወል ይጀምራሉ። አንድ ኮምፒዩተር ስንቱን ይሸከማል? ባለቤቱ ማን ይሁን? ጠጋኙስ? ጽሑፉ እነዚህን ጉዳዮች ቢነካካም ለወደፊት ምርምር ትቷቸዋል። ለተመራማሪ የኋላ ጥያቄ የሆነው ለዕቅድ አውጪ የመጀመሪያው ነው።

በአንጻሩ፣ ጸሐፊዎቹን እጅግ ያሳሰባቸው የመተማመን ችግር በትምህርት ቤት ይቃለላል። በማያውቁት ነጋዴ ኮምፒዩተር ላይ መረጃን ማኖር ያሰጋል፤ ኮምፒዩተሩ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሲሆን ግን የተማሪው ድምፅና ጽሑፍ ከግቢው ሳይወጣ ሊሠራበት ይቻላል። ጎረቤቱ ኮምፒዩተር ጊዜያዊ ቅጂ እንጂ ቋሚ መዝገብ እንዳይዝ መታሰቡም አስተዋይነት ነው፤ ቢበላሽ በሌላ ይተካልና።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የእጅ ስልኮች እጅግ በርትተዋል፤ ያን ጊዜ ለጎረቤት ይሰጥ የነበረው አንዳንዱ ሥራ ዛሬ በስልኩ ውስጥ ይፈጸማል። በመሆኑም የጽሑፉ መርሕ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መመዘኛ ሊወሰድ ይገባል። ፈተና አርሞ በማግሥቱ ውጤት ለመስጠት ቅርበት አያስፈልግም፤ ሕፃን ሲያነብ ወዲያው ለማረም ግን ያስፈልጋል። መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ሥራው የትኛው እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደሚጠቀምበትና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ሊጠየቅ ይገባል። እነዚህ ሳይመለሱ የሚገዛ ብርቱ ኮምፒዩተር የዕቃ ግምጃ ቤት ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል።