ስለ ዘመናዊ ቤተ ክርስቲያን አሠራር፤ የእንጦጦ ምስክርነት

በአዲስ አበባ በቅርብ ዘመን ከታነጹት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በአርማታ የቆሙ፥ ጐናቸው የረዘመ፥ ጉልላታቸውም የገዘፈ ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው ጽናታቸውን ያደንቃል፤ ሁለተኛው ክቡን የሣር ክዳን ቤት ስለ ተዉ የባዕድ ሥራ ናቸው ይላል። ነገር ግን ሁለቱም ከዋናው ጉዳይ አይደርሱም።

አራት ማዕዘን ቤት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ደብረ ዳሞና የላሊበላ ውቅሮች ይመሰክራሉ። አዲስ የመሥሪያ ዕቃም ቢሆን በራሱ ነውር የለበትም። ከጉለሌ በላይ በተራራው ላይ የምትገኘው፥ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ባለ ስምንት ማዕዘን ናት፤ ክዳንዋም ቆርቆሮ ነው። ክቡ ማዕዘን ሲያወጣ፥ ሣሩም በቆርቆሮ ሲተካ ሥርዐቱ አልተናጋም፤ ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፥ ቅድስቱም መቅደሱን እንደ ከበበ ይኖራል። ቤቱን የሚቀድሰው ታቦቱ እንጂ የግድግዳው ዕድሜ አይደለምና።

ይህን ጥያቄ የጃፓን የሺንቶ መቅደሶችም ያውቁታል። የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት፥ በቀድሞው መልክ ይታደሳል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የተፈጸመው 62ኛው ነው። በቶኪዮ ያለው የካንዳ መቅደስ ግን በ1923 ከደረሰው የመሬት መናወጥና ቃጠሎ በኋላ፥ በ1934 በብረትና በአርማታ ተሠራ። በሁለቱም ዘንድ የመቅደሱ ማንነት በእንጨቱ ዕድሜ አልተመሠረተም።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ቤቱ ለአገልግሎቱ የሚሰጠው ስፍራ ነው። በክቡ ቤት ካህናቱ ለማሕሌት የሚቆሙበት፥ ምእመኑም መቅደሱን እየዞረ በየበሩ የሚሳለምበት ቦታ ከግንቡ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በረዥሙ አዳራሽ ግን ሦስቱ ክፍሎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ግንብ ሳይኖር ሲቀር ወሰናቸው ይደበዝዛል። እንደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ወንበር ሲሰለፍበት ደግሞ፥ ለሽብሸባና ለዙረት የነበረው ስፍራ ይጠብባል፤ ምእመኑም ከተሳታፊነት ወደ ተመልካችነት ያዘነብላል። ጕድለቱ ከአርማታው አይደለም፤ ስፍራው ከሥርዐቱ በፊት በመታቀዱ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ መሠረት ከመጣሉ አስቀድሞ ከመሪ ጌታው ጋር ቢመክር፥ አዲሱ ቤት ጽኑም፥ የአገሩም ልጅ ይሆናል።