የስፕሪንግስቲን አልበሞች በሙሉ ድምፅ
አሜሪካዊው የዜማና ግጥም ደራሲ ብሩስ ስፕሪንግስቲን የሠራተኛውን ኑሮ በሮክ ሙዚቃ በማቅረብ የታወቀ ድምፃዊ ነው። አልበሞቹ ዛሬ አንዳች የድምፅ መረጃ ባልተጣለበት ፋይል፣ በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚይዘው የሲዲ ጥራት ይደመጣሉ። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቦርን ቱ ራን» ውስጥ፣ በተጨመቀ ቅጂ እንደ ጭጋግ የሚሰሙት ጊታሮች፣ ፒያኖና ሳክስፎን እዚህ ይለያያሉ፤ ምንም እንኳ የደራሲው ፍላጎት መዋሐዳቸው ቢሆንም።

የ1982ቱ «ኔብራስካ» ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በኒው ጀርሲ፣ በመኖሪያ ቤት፣ ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ላይ የተቀረጸው ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ነበር። ከባንዱ ጋር የተሞከረው ሳያረካ ስለቀረ ካሴቱ ራሱ ታተመ። ጥራቱ በጨመረ ቍጥር «ሽ» የሚለው የቴፕ ድምፅ አብሮ ይጐላል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥር አድማጭ ተሳስቷል፤ የዘፋኙን ብቸኝነትና የክፍሉን ባዶነት የሚያሰማው እርሱ ነውና።