ሲያብራሩት የደበዘዘ ተረት

ኒኬሎዲዮን በሴፕቴምበር 2013 (እ.ኤ.አ.) ማሳየት የጀመረው የ«ዘ ሌጀንድ ኦቭ ኮራ» ሁለተኛ ምዕራፍ 14 ክፍሎች አሉት። ከነዚህ ውስጥ 7ኛውና 8ኛው በአሜሪካ የቴሌቪዥን አኒሜሽን ከተሠሩት ምርጦች ጎን ይሰለፋሉ ብል አላጋነንኩም። ግራ የሚያጋባው ግን የቀረውን ምዕራፍ ያበላሸው ሕመም የተነሣው ከነዚሁ ከሁለቱ መሆኑ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒዬትዝኮ በፈጠሩት ዓለም ውኃን፣ መሬትን፣ እሳትን ወይም ነፋስን የሚያዝዙ ሰዎች ይወለዳሉ። አራቱንም የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አቫታር ይሉታል። ሲሞት በሌላ ሕፃን ተመልሶ ይወለዳል፤ በሰውና በመናፍስት መካከል ቆሞም ሚዛን ይጠብቃል። ከ2005 እስከ 2008 የታየው የመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም የአንግ ታሪክ ነበር። ኮራ ከእሱ ቀጥላ የተወለደች፣ ጉልበት የማያንሳት፣ ትዕግሥት ያልፈጠረባት የደቡብ ውኃ ነገድ ልጅ ናት። የ2012ቱ የኮራ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲታሰብ ብቻውን እንዲቆም ስለነበር ክሩን ሁሉ ቋጥሮ ነው ያለቀው። ስለዚህ የሁለተኛው ጸሐፊዎች ከባዶ መነሣት ነበረባቸው።

አጀማመሩ ያጓጓል። የሰሜኑ አለቃ ኡናላክ፣ የኮራ አጎት፣ ወደ ደቡብ ይመጣና መናፍስቱን ረስታችኋል፣ በዓላቸውን ባዛር አድርጋችሁታል ይላል። እውነቱን ነው። ኮራም መምህሯን ቴንዚንን አሰናብታ ከአጎቷ እግር ሥር ትቀመጣለች። ብዙም ሳይቆይ የሰሜን መርከቦች የደቡብን ወደብ ይዘጋሉ። በመንፈሳዊ ቅንዓት ተሸፍኖ የመጣ ወረራ፣ በሁለት ወንድማማቾች መካከል የከረመ ቂም፣ ከአባትና ከአጎት አንዱን መምረጥ ያለባት ወጣት። ለአንድ ምዕራፍ ይህ ከበቂም በላይ ነበር። በዚያ ላይ ቫሪክ የሚባል ባለሀብት አለ፦ ከጦርነቱ ለማትረፍ ይቋምጣል፣ ተመልካቹን የሚያነሣሣ ፊልም ያሠራል፣ ሴራም ይጎነጉናል። እሱ ብቅ ባለ ቁጥር ፊልሙ ነፍስ ይዘራል። ምን ዋጋ አለው፣ መሃል ላይ ጸሐፊዎቹ ይህን ሁሉ ጥለውት ሄዱ። የእርስ በርስ ጦርነቱ የት ደረሰ ስንል፣ መጨረሻ ላይ ኮራ ለሕዝቡ ባደረገችው ንግግር ውስጥ ደቡቡ ነፃ ወጥቷል ተብሎ ይታለፋል።

ወደ ሁለቱ ክፍሎች ልመለስ። ኮራ ጨለማ የወረሰው መንፈስ ከዋጣት በኋላ ማን እንደሆነች ትረሳለች፤ ማንነቷን ለማግኘትም ከ10,000 ዓመት በፊት ወደኖረው ወደ መጀመሪያው አቫታር፣ ወደ ዋን ትመለሳለች። ዋን ምግብ እየሰረቀ የሚኖር ድሃ ነው፤ ያገኛትንም ከእንስሳት ጋር ይካፈላል። ደቡብ ኮሪያ የሚገኘው ስቱዲዮ ሚር እነዚህን ክፍሎች የሣላቸው የጥንት የእስያ የእንጨት ላይ ኅትመቶችን በሚያስታውስ መልክ ነው፤ ዳመናውና ጭሱ በወፍራም መስመር ይጠቀለላል፣ ቀለሙ ወረቀት ላይ ያረፈ ይመስላል። አብዛኞቹን የመጀመሪያ ክፍሎች የሠራው ግን «ናሩቶ»ን ያዘጋጀው የጃፓኑ ስቱዲዮ ፒዬሮ ነበር። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በፒዬሮ እጅ የገጸ ባሕርያቱ ፊት ይደርቃል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጡጫው ያሳምም የነበረው ፍልሚያም ክብደቱን ያጣል።

ዋን ውብ ነው። ይዞት የመጣው ማብራሪያ ነው ጥፋቱ። ብርሃንና ሰላም ራቫ የምትባል ነጭ መንፈስ ናት፤ ጨለማና ሁከት ቫቱ የሚባል ጥቁር መንፈስ ነው። ዋን ከራቫ ጋር ተዋሐደ፣ አቫታርም ተገኘ። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው። በአንግ ታሪክ ግን ሚዛን ማለት ኩሬ ውስጥ እየተሽከረከሩ የሚዋኙ ሁለት ዓሦች ነበሩ፤ አንዱ ጨረቃ፣ አንዱ ባሕር። ማናቸውም ክፉ አልነበሩም፤ አንዱ ሲገደል ነው ዓለም የጨለመው። ለጥቁርና ነጭ ፍልሚያማ ሌላ ተከታታይ ፊልም ሞልቷል። ተረት የምታወራን አያት ጅቡ አፍ አውጥቶ የተናገረበትን ምክንያት አትነግረንም፤ ልንገራችሁ ካለች ያን ጊዜ ጅቡ ጅብ ብቻ ይሆናል።

ጉዳቱን በቅርበት ለማየት ሁለት ትዕይንቶችን ማስተያየት ይበቃል። በ2005 በታየው የአንግ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሄይ ባይ የሚባል መንፈስ መንደር እያፈረሰ ሰው ይወስዳል። አንግ ሊያስቆመው ወጥቶ አቃተው። በኋላ ነገሩ ገባው፦ መንፈሱ የሚጠብቀው ደን በጦርነቱ ተቃጥሏል። አንግ ከመሬት የተገኘች አንዲት የዛፍ ፍሬ ሰጠው፣ ደኑ ተመልሶ እንደሚበቅል ነገረው፤ አውሬውም ተረጋግቶ ሄደ። በኮራ ሁለተኛ ምዕራፍ ደግሞ ኡናላክ በተቆጣው መንፈስ ዙሪያ ውኃ ያሽከረክራል፣ ውኃው ወርቅማ ብርሃን ይሆናል፣ መንፈሱ ጸጥ ይላል። ምን አስቆጣው? ማንም አይጠይቅም። ኮራም ይህንኑ ዘዴ ተምራ የመጨረሻውን ባላንጣ በዚያው ታሸንፋለች። ማዳመጥ የነበረው ሥራ እንደ መድኃኒት የሚረጭ ብልሃት ሆኖ ቀረ።

ኡናላክ ራሱ የዚህ ሰለባ ነው። የተነሣበት ቅሬታ ፍትሐዊ ነበር፤ ታሪኩ ግን በሰፋ ቁጥር እሱ ጠበበ። በመጨረሻ ከቫቱ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር አቫታር ሊሆን ይነሣል። ከዚያስ ምን ሊገዛ፣ ማንን ሊጠቅም? መልስ የለም። አያስፈልግም የተባለውን ሁሉ ያብራራ ምዕራፍ የሚያስፈልገውን ማብራራት ረሳ። ማሳረጊያው ላይ ሁለት ግዙፎች ሲደባደቡ የቴንዚን ልጅ ጂኖራ ብርሃን ይዛ ከየት መጣች ሳይባል ትደርስና ጉዳዩን ትጨርሳለች። እንዴት እንዳወቀች ሊነግረን የሞከረም የለም።

ከዚህ ሁሉ መሃል የሚተርፍ አንድ ነገር ከዋን ሌላ ቢኖር ቴንዚን ነው። በ13ኛው ክፍል የጠፉ ነፍሳት በሚንከራተቱበት ጉም ውስጥ ገብቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ የአባቱን የአንግን ጫማ ሊሞላ ሲታገል የኖረ ሰው ራሱን መሆን ብቻ እንደሚበቃው ይገባዋል። ብርሃን የሚረጭበት የለም፤ አንድ አዛውንት ልጅ ከአባቱ ጥላ ሲወጣ ነው የምናየው።

ደፋሩ ውሳኔ ግን ሌላ ቦታ ነው። ቫቱ ራቫን ከኮራ ውስጥ መንጥቆ ሲያጠፋ ኮራን ከቀደምት አቫታሮች ሁሉ ጋር ያያያዛት ገመድ ተበጠሰ፤ አንግም፣ ከእሱ በፊት የነበሩትም ሄዱ። በቀጣዮቹ ሁለት ምዕራፎችም አልተመለሱም። የሺህ ዓመታት ትዝታ የጠፋበት ይህ ኪሳራ ከቴንዚን ጋር በተደረገ አጭር ጭውውት ይዘጋል። የኮራ ፍቅረኛ የነበረው ማኮ ከእሷ ጋር መለያየታቸውን እሷ ስለረሳችው ይንገራት ወይስ ይተወው የሚለው ጣጣ ከዚህ የበለጠ ሰዓት ተሰጥቶታል።