ከትርጓሜው በፊት ቆጠራው

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሻንጣውን የሚያሰናዳ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ «መምህር፣ ሳይኮሎጂ ልማር አስቤአለሁና ምን ላዘጋጅ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔም ከብዙ ዓመት ልማድ የተነሣ አስቀድሜ «ለምን መረጥኸው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱም በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው «የሰውን ዓይን አይቼ ልቡን ማወቅ እወዳለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሒሳብ የለበትም ብለውኛል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥቂት ዝም ብሎ፣ ወደ መሬት እያየ፣ በቤቱ ወይም በራሱ ላይ ስለ ደረሰ ኀዘን ያወጋኛል። እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት በመጀመሪያው ምክንያት ነበርና አንዱንም አልነቅፍም። ነገር ግን ሙያው ከጀማሪ የሚሻው ሰውን ፈጥኖ ማንበብን ሳይሆን፣ ለማንበብ ለሚቸኩለው ኅሊና ልጓም ማበጀትን መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ያውም በሰው ልጅ ኪሣራ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን አስቀድሜ ልናገር።

ዲግሪዬን በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ስሠራ፣ «ሲጠሩት አይመልስም፤ ትእዛዝ ይንቃል፤ ይፈዛል» የሚል ክስ የተጻፈበት የአሥር ዓመት ልጅ ወደ ቢሮዬ ተላከ። አባቱ በቅርቡ ቤቱን ጥሎ ወደ ሩቅ አገር መሄዱን በሰማሁ ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቅጽበት የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ ዝምታው ኀዘን፣ ፍዘቱ ናፍቆት፣ እንቢታውም በአባቱ ላይ ያደረበት ቁጣ ወደ መምህራኑ ዞሮ የወጣ ነው ብዬ ፈረድሁ፤ ከሥነ ልቡና ሊቁ ከፍሮይድ መጻሕፍት የለቀምኋቸውን ቃላት እየደረደርሁም ሦስት ወር ሙሉ ማኅደሩን በትርጓሜ ሞላሁት። እናቱንም ጠርቼ ይህንኑ አስረዳኋት፤ እርስዋም ጥፋቱ የእርስዋ የሆነ ያህል አለቀሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ቀድሞ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ከደጄ ቆሙና «መምህር፣ በማያገባው ገባ አይበሉኝና፣ ያ ልጅ እኮ በግራ በኩል ሲጠሩት አይሰማም» አሉኝ። «እንዴት አወቁ አባቴ?» አልኋቸው። «ጧት ሲገባ በግራው በኩል ተቀምጬ ‹ደኅና አደርህ› እለዋለሁ፤ ዝም ብሎኝ ያልፋል። ማታ ሲወጣ ግን በቀኙ እሆናለሁ፤ ያን ጊዜ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። መጀመሪያ ጧት ጧት የሚያኮርፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ወንበሬን ከበሩ ወዲያ ማዶ አዛወርሁት፤ ጧት መለሰልኝ፣ ማታ ዘጋኝ።»

ልጁ ሐኪም ዘንድ ሲመረመር የግራ ጆሮው ከቆየ መግል የተነሣ ተጎድቶ ተገኘ። መድኃኒቱም ከፍሮይድ ሳይሆን ከአናጢ ቤት የመጣ ነው ለማለት ይቻላል፤ መቀመጫው ከክፍሉ በስተግራ ወደ ፊተኛው ወንበር ተዛውሮ የቀኝ ጆሮው ወደ መምህሩ ሲሆን፣ ክሱ አብዛኛው ቀረ። ናፍቆቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተጠየቅሁት ስለ ናፍቆቱ አልነበረም።

እኚያ ሽማግሌ ያደረጉትን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ የሙያችን ሥርዓት በሙሉ በውስጡ አለ። አዩ፤ ገመቱ፤ ግምታቸውን ግን አላመኑትም፤ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትተው አንዲት ነገር ብቻ፣ ይኸውም ወንበራቸውን፣ ለወጡ፤ ለውጡ ምን እንዳመጣም ቆመው ጠበቁ። ቪልሄልም ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በላይፕሲግ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ አቋቁሞ፣ ድምፅ በተሰማበትና እጅ በተንቀሳቀሰበት ቅጽበት መካከል ያለውን ጊዜ ሲያስለካ፣ ያደረገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ይህም ለእኛ ባዕድ ትምህርት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ሕፃን በመጀመሪያ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል፤ ከዚያም በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ያልፋል፤ ትርጓሜ መጻሕፍት ግን ዜማውንና ቅኔውን አልፎ ለጸና ሰው የሚደርስ ማዕርግ ነው። የትርጓሜው መምህርም ለአንዱ ንባብ አንድ ፍቺ ሰጥቶ አይቆምም፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም ያስከትላል። የእኔ ጥፋት እንግዲህ ሁለት ነበር፤ ሳልቆጥር ተረጎምሁ፤ ስተረጉምም «አንድም» ማለትን ረሳሁ።

ሥነ ልቡና የተባለው የሙያው ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። «ልቡና» ለበወ፣ አስተዋለ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ በዛሬውም አማርኛችን «ልብ በል» ስንል የሰውን ምሥጢር መርምር ማለታችን ሳይሆን በፊትህ ያለውን አስተውል ማለታችን ነው። ሥነ ልቡናን ለመማር የሚዘጋጅ ሰው ስለዚህ በቅድሚያ ልብ ማለትን ይለማመድ።

ልምምዱ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። ገጹ ለሁለት ይከፈል፤ በግራው ዓምድ «ያየሁትና የሰማሁት»፣ በቀኙ «የመሰለኝ» ተብሎ ይጻፍ፤ ተማሪውም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሰው በሚበዛበት ስፍራ ተቀምጦ ይሙላው። በታክሲ ውስጥ ሆኖ በግራው ዓምድ «ሴትዮዋ በረዳቱ ተናደደች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዓምዱን ስቷል፤ ያየው ሴትዮዋ መልሱን የረዳቱን ፊት ሳታይ ተቀብላ ሁለት ጊዜ መቁጠርዋን፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ወደ መስኮቱ መዞርዋን ነው። በቀኙ ዓምድ ግን ከሦስት ያላነሰ «አንድም» ይጻፍ፤ አንድም ተቆጥታ ይሆናል፤ አንድም ከለቅሶ ቤት እየተመለሰች ይሆናል፤ አንድም ጥርስዋን አሟት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት የቀኙ ዓምድ ሞልቶ ሲፈስ የግራው ባዶ ይሆናል፤ በወሩ መጨረሻ ግራው ከቀኙ ቢረዝም፣ ተማሪው ገና ከግቢው በር ሳይደርስ ትልቁን ትምህርት ጀምሯል ማለት ነው።

ከዚህ ደብተር ጀርባ ሰው ጭንቁን የሚናገርበትን ቃል ያጠራቅም። መማሪያ መጻሕፍቱና ፈተናው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ነገ ከፊቱ የሚቀመጠው ባለ ጉዳይ ግን «ሆዴ ባባ»፣ «ጨነቀኝ ጠበበኝ»፣ «አንጀቴ አረረ» ይለዋል፤ «ሆዴ ባባ»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ አስተርጓሚ ሰውየውን የሆድ ሐኪም ዘንድ ይልከዋል። ሆደ ባሻና ሆደ ሰፊ፣ ልበ ሙሉና ልበ ቢስ እያለ ጠባይን በአካል ብልት የሚመድበው ቋንቋችን የራሱ የሆነ የሥነ ልቡና መዝገብ አለው፤ ሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች እንዲሁ። ይህ ጉዳይ ከቃላት ጨዋታ ያልፋል፤ አሜሪካዊው ምሁር ጄፍሪ አርኔት በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በመረመራቸው ስድስት ታላላቅ የአሜሪካ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ውስጥ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያን ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች የተገኙ ሲሆኑ፣ እነዚያ አገሮች ከዓለም ሕዝብ የያዙት 12 በመቶውን ብቻ ነበር። መጽሐፉ «ሰው» ሲል የቱን ሰው ማለቱ እንደ ሆነ መጠየቅ ስለዚህ የተማሪው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው። በቡታጅራ የአገራችን ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በያሉበት መርምረው ጽኑ የአእምሮ ሕመምን እንዳጠኑ የሚያነብ ተማሪ፣ ይህ ጥያቄ በማጉረምረም ሳይሆን በሥራ እንደሚመለስ ይረዳል።

«ሒሳብ የለበትም» ብሎ ለሚመጣው ሁለተኛው ወጣት ወሬው ሐሰት መሆኑን በጊዜ መንገር ይገባል። እንበልና አንድ አማካሪ 30 የተጨነቁ ተማሪዎችን አነጋግሮ 20ው ተሻላቸው፤ ምክሩ ሠርቷል ይባላልን? ሳይመከሩ የቀሩ ሌሎች 30 ቢኖሩና ከእነርሱም 19ኙ የፈተናው ወቅት ሲያልፍ በራሳቸው ጊዜ ቢሻላቸው፣ አማካሪው የሚመካበት ምን ይተርፈዋል? ስታቲስቲክስ ከብዙ «አንድም» መካከል የትኛው እንደሚጸና የምንመዝንበት ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ሲጓደል ምን እንደሚሆን ደግሞ ሙያችን በራሱ ላይ አይቶታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ የሥነ ልቡና ሙከራዎችን ቢደግሙ፣ ቀድሞ 97 በመቶው የሚታመን ውጤት አግኝተናል ብለው ሳለ፣ ሲደገሙ ያን ያገኙት 36 በመቶው ብቻ ሆኑ። ይህን ሰምቶ ከሙያው የሚሸሽ ተማሪ አለ፤ እኔ ግን ስሕተቱን በአደባባይ የሚቆጥር ሙያ ያስመካኛል።

ስለ አጠናን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ እንዳስረዳው፣ ያጠናውን መልሶ ሲያጠና ከመጀመሪያው ድካሙ የሚተርፍለት ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ ያህል ነበር። የኔታ ትናንት የተማረውን ዛሬ በቃሉ የሚያስወጡት ተማሪ ይህን ቁጥር ሳያይ ይሠራበታል። እንግዲህ መጽሐፉን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ከማንበብ፣ አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ያስታወሰውን ጽፎ፣ በማግሥቱና በሳምንቱ መድገም ይበልጣል።

ለሦስተኛው፣ ኀዘኑን ይዞ ለሚመጣው፣ የምናገረው በዝግታ ነው። ቁስል ሰውን ለዚህ ትምህርት አያበቃውም፤ ከዚህ ትምህርትም አያግደውም። ያልሻረ ቁስል ያለበት ግን ለራሱ አማካሪ ይፈልግ፤ የመማሪያ አዳራሽ የንስሐ አባት ቤት አይደለምና፣ ስለ ሕመም የሚሰጥ ትምህርት ሕመምን አይፈውስም። እንዲያውም ተማሪው በየምዕራፉ የሚዘረዘረው የሕመም ምልክት ሁሉ የራሱ እየመሰለው ይጨነቃል። ደግሞም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚማረውን ጠቅላላ ሳይኮሎጂ እንደ ጨረሰ፣ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አባቱን በአንዱ ምዕራፍ እኅቱን በሌላው መመደብ ያምረዋል፤ ጎረቤትም «እስቲ እኔን እየኝ» ይለዋል። መልሱ «ገና እየተማርሁ ነው» የሚል ይሁን፤ የመጀመሪያው ዲግሪ ማስተዋልን ያስተምራል እንጂ ሐኪም አያደርግም። ሰው አምኖ የነገረውን ግን፣ ዲግሪ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በልቡ ይቅበረው።

የዚያ ልጅ ማኅደር ግልባጭ፣ ስሙ ተፍቆ፣ በተቆለፈ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ለማንም አላሳየውም፤ ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ፊት ከመቆሜ በፊት በነበረው ማታ አውጥቼ አነበዋለሁ። አርባ ያህል ገጽ ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ፣ አገባቡ የተስተካከለ ነው። ልጁ ያደረገውና የተናገረው የተጻፈበትን መስመር በቀይ እርሳስ አስምሬ ብቆጥረው ሰባት ሆነ። የቀረው ሁሉ እኔ ነኝ።