ባለ አንድ ሉመን ካቴተርና ሁለት ናሙና የሚሻው ምርመራ

አንጀታቸው በቂ ምግብና ፈሳሽ መምጠጥ የተሳነው ሕሙማን በቤታቸው ሆነው በደም ሥር ይመገባሉ። እነዚህን ሕሙማን ለሚከታተል ሐኪም በተለይ ሁለት መመሪያዎች ቀርበውለታል። የአውሮፓ የክሊኒካል ኑትሪሽንና ሜታቦሊዝም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ካቴተሩ እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል፤ የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በ2009 ያወጣው ደግሞ የካቴተር ኢንፌክሽን እንዴት እንደሚለይ። ሁለቱም በጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው። ጉድለቱ የሚታየው በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲገናኙ ነው።

የአውሮፓው መመሪያ ለረጅም ጊዜ ምግብ በደም ሥር ለሚወስድ ሰው በቆዳ ሥር አልፎ የሚገባውን ወይም ሙሉ በሙሉ ከቆዳ በታች የሚቀበረውን ይመርጣል፤ በተቻለ መጠንም ባለ አንድ ሉመን እንዲሆን ያሳስባል። ምክሩ ትክክል ነው፤ መግቢያ በበዛ ቁጥር የተሕዋስያንም መንገድ ይበዛልና።

የአሜሪካው መመሪያ በበኩሉ ጸረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከካቴተሩም ከክንድ ደም ሥርም ደም ተቀድቶ ለካልቸር እንዲላክ ይጠይቃል። የካቴተሩ ናሙና ቢያንስ በሁለት ሰዓት ቀድሞ ተሕዋስያን ካበቀለ ምንጩ ካቴተሩ ነው ይባላል። ከክንድ መቅዳት ካልተቻለስ? ከተለያዩ ሉመኖች ይቀዳ ይላል። ለዓመታት ከመወጋት የተነሣ የክንዱ ደም ሥር የጠፋበት፣ ካቴተሩም ባለ አንድ ሉመን የሆነ ሕመምተኛ ሁለተኛውን ሉመን ከየት ያመጣል? አንደኛው መመሪያ በበጎ ምክንያት የዘጋውን በር ሌላው ክፍት አድርጎ ቆጥሮታል።

ከካቴተሩ ብቻ የተቀዳ ናሙና ተሕዋስያን ቢያሳይ፣ ከደሙ የተገኙ ይሁኑ ወይም ከካቴተሩ መግቢያ ተጠርገው የገቡ አይለይም። ባያሳይ ግን፣ መድኃኒት ካልቀደመው በስተቀር፣ ካቴተሩን ከጥርጣሬ በእጅጉ ያርቀዋል። ያለ በቂ ማስረጃ ካቴተር የሚነቅል ሐኪም በሽተኛውን አንድ ትልቅ የደም ሥር ሊያሳጣው ይችላል፤ እነዚህም ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። በአንጻሩ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወይም ካንዲዳ በደም ውስጥ ሲገኝ ካቴተሩን ማቆየት ሕይወት ያሳጣል።

የሁለት ሰዓቱ መለኪያም ጠርሙሶችን ያለማቋረጥ የሚከታተል መሣሪያ ይሻል፤ በቀን አንድ ጊዜ በዓይን በሚታዩበት ላቦራቶሪ ትርጉም የለውም። በቆዳ ሥር በሚያልፍ ካቴተር የኩላሊት እጥበት የሚሰጡ ክፍሎችም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ካቴተሩን የመረጠው ቡድን፣ ትኩሳት በመጣ ዕለት ሁለተኛው ናሙና ከየት እንደሚቀዳ፣ ለዚሁ ተብሎ ሳይወጋ የሚጠበቀው የደም ሥር የትኛው እንደሆነ፣ በተከላው ዕለት በበሽተኛው ካርድ ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል።