ፊቱን የሚያዞረው ሰዓት

በህንድ አገር በፈረስ ተቀምጠው ፖሎ የሚጫወቱ የእንግሊዝ መኮንኖች የእጅ ሰዓታቸው መስተዋት በጨዋታው ምት እየተሰበረ ቢያስቸግራቸው፣ ረኔ-አልፍሬድ ሾቮ የተባለ ፈረንሳዊ ጥበበኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ የብረት ጀርባውን ለምት የሚሰጥ ሰዓት ነደፈ፤ ስሙም ሬቨርሶ ተባለ። ይህን የስዊሱ ሰዓት ሠሪ የጄገር ለኩልትር ሥራ፣ ወርቁን ሳይሆን ዝገት የማይነካውን ብረቱን፣ ዘወትር በእጄ አስራለሁ።

ስለ ምን ብረቱን መረጥህ ትሉኝ እንደ ሆነ፣ ወርቅ ባሕርዩ ለስላሳ ነውና ቶሎ ይጫራል፤ ይልቁንም ባለቤቱ እየሳሳለት ለበዓል ብቻ ከሣጥን ያወጣዋል፣ ብረት ግን ከጌታው ጋራ ቢሮም ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ይውላል። (ዋጋው ግን፣ ብረት ነው ብሎ ለሚገምት ሰው፣ ለመናገር እንኳ ያሳፍራል።)

ጠዋት ከጸሎት በኋላ መሙያውን በሁለት ጣቶች ይዤ፣ ሞላው ጠንክሮ እንቢ እስኪል ድረስ በዝግታ ስሞላው፣ ባትሪ የማያውቀው ይህ ረቂቅ ፍጥረት የዕለት ሥራውን ከእጄ ተቀብሎ የሚጀምር ይመስለኛል። የስዊሱ ሠሪ 7 ብሎ የጻፈውን እኔ 1 ሰዓት ብዬ አነብበዋለሁ፤ ቀናችን ከንጋት ይቈጠራልና፣ ከልጅነቱ የለመደ ዓይን በዚህ አይሳሳትም።

ውሃ ግን አይወድም፤ ስታጠብ አወልቀዋለሁ። በጀርባው ልሙጥ ብረት ላይ ብዙዎች ስማቸውን ወይም የቤታቸውን ማኅተም ያስቀርጻሉ፤ የኔው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።